ጣራ ላይ የወረወርኩት ሳጥን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ማነው ብለህ ጋራዦቹ በተደረደሩበት ሰፈር መሀል ብትጠይቅ፣ ሦስት ሰው ወደኔ ይጠቁምሃል። አራተኛው ካልጠቆመህ ወይ ለከተማው አዲስ ነው፣ ወይ ከኔ ጋር ተጣልቷል። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን ውሸት የለበትም። ዓይኔን በጨርቅ አስረህ ክላክስ ብታሰማኝ የማን ሎሪ እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ባትሪው ስንት ወር እንደቀረውም እጨምርልሃለሁ።

ትምህርት ላይ ብዙ አልገፋሁም። አረብኛውን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ወይም እሱ ተወኝ፤ አስተማሪውን ብትጠይቅ ሌላ ነው የሚነግርህ። አማርኛውን ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እየጻፈ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ማሳመር የፈለገ ራሱ ያሳምረው።

የምጽፈው ስለ ቅናት ነው። ቅናት ሲባል ሰው ቶሎ ሴት ይመስለዋል። ሴት የለችበትም። አንዲት ሻይ የምትሸጥ አለች፣ እሷም ዳር ላይ ነች። እኔ የቀናሁት በአንድ ወንድ እጅ ነው። አስር ጣት ነው ያለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ከኔ አንድም አይበልጥም።

የምሠራበት ወርሻ የኡስታችን ነው። ጋራዡን ወርሻ፣ አለቃውን ኡስታ ነው የምንል፤ የአገሩ አጠራር ነው። ኡስታ በድርቁ ጊዜ በልጅነታቸው ከአርማጭሆ በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሳቸው ጋ ስሠራ አንድ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው ወደኔ በአገጫቸው ያሳዩና «ይሄ የነካውን እኔ ሁለተኛ አልነካም» ይላሉ። እኔ ይሄን ስሰማ ያልሰማሁ መስዬ ሽቦ እልጣለሁ። የማይላጥ ሽቦ ሳይቀር።

ከዚያ ኡስታ ዶካ ላይ ሁለተኛ ወርሻ ሊከፍቱ ነው ተባለ። ዶካ ወደ ጋላባት በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ነች፤ አውቶቡሱም ሎሪውም በእሷ ያልፋል። ለዚያ ወርሻ የኤሌክትሪኩን ሥራ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ማን ይሂድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ምክንያቱም እኔ ቀድሜ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለፀጉር አስተካካዩ ነግሬያለሁ፣ ለአክስቴ ነግሬያለሁ። አክስቴ ደግሞ ነገር አታሳድርም፤ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳዋለች። እናቴ ለዶካ ብላ አዲስ ፍራሽ አሰፍታልኝ ነበር። ያልነገርኩት ለኡስታ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ያ ልጅ የመጣው። ከኡም ራኩባ፣ ከስደተኛው ካምፕ። ጦርነቱ ሲነሳ ከትግራይ ተከዜን ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ዕድሜው እንደኔ ነው። ካምፕ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አማርኛ ይችላል፣ ግን ቃል እንደ ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ይመስል ይቆጥባል። ስለዚህ ዝምተኛው አልኩት፤ ሰዉም ከኔ ተቀብሎ ዝምተኛው ይለው ጀመር። ስሙን ሳይቀር እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ይሄ ይመዝገብልኝ።

መጀመሪያ የባትሪ ራስ እንዲያጥብ ተሰጠው። አጠበ። ያጠበውን ባትሪ ብታየው ልትበላበት ትችላለህ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የተበላሸ ዳሽቦርድ ሰጡት። እኔ ዳሽቦርድ ከሰጡኝ እጄን ሰድጄ ነው የምጀምር፣ እየነካካሁ ነው የማገኘው። እሱ ከፍቶ ፊቱ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየዋል። ዝም ብሎ ያየዋል። እኔ ለቅሶ የተቀመጠ መስሎኝ «ነፍስ ይማር» አልኩት፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንዲት ነጥብ ላይ ጣቱን አስቀመጠ፤ እዚያ ነበር።

ካዊያ አለችን፣ ሊድ የምናቀልጥባት ብረት። አፏ እንደ አውራ ጣት ወፍራም ነው፤ ለትልቅ ሽቦ እንጂ ለጥቃቅን ነገር አትሆንም። ስድስት ዓመት ሙሉ እየተሳደብኩ ሠርቼባታለሁ። እሱ በመጣ በወሩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አፏ ላይ ጠመጠመና ጫፉን እንደ መርፌ አወጣው። አለቀ። መርፌ ሆነች። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም። ስድስት ዓመት መዳብ እጄ ላይ እያለ እንዴት አልታየኝም? ወላሂ እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጠቁጠኛል።

አንድ ቀን ደግሞ ሻይ የምትሸጠው ጋ ቁጭ ብለን ቀልድ ተናገርኩ፤ ጥሩ ቀልድ ነው፣ ሁልጊዜ የሚያስቅ። እሷ ወዲያው አልሳቀችም። መጀመሪያ ዞር ብላ እሱን አየችው። እሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቀች። ቀልዴን እንኳ እሱ ካላጸደቀው አይሄድም ማለት ነው?

የባሰው ግን አንድ ጠዋት ነው። ደንበኛ መጣ፣ ኡስታ በአገጫቸው አሳዩ። ሽቦዬን ላልጥ ስዘጋጅ አገጩ ወደኔ አልነበረም። «ይሄ የነካውን እኔ ሁለተኛ አልነካም» አሉ። ያችኑ ቃል፣ አንድ ፊደል ሳይቀይሩ። ለኔ የተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰው ልክ ሲሆን ማየት ነው።

ኸላስ፣ ወደ ሎሪው ልምጣ።

ሎሪው የሀጂ ነው። ሀጂ እንደ ኡስታ የቆዩ የኛው አገር ሰው ናቸው፤ በዚያ ሎሪ ነው ቤተሰብ ያስተዳደሩት። አውሮፓ ውስጥ ተሠርቶበት በፖርት ሱዳን የገባ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ሎሪ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች የሰሊጥ ዘርና የቀን ሠራተኛ ያመላልሳሉ። ዝናቡ አንዴ ከጣለ ዋልካው ጎማ ይውጣል፣ መንገድ የለም። ሎሪው ግን በዚያ ሰሞን አብዶ ነው የመጣ። ጠራራ ፀሐይ ላይ የዝናብ መጥረጊያው ይጠርጋል። ወደ ግራ ፍሬቻ ስታሳይ ክላክስ ይጮሃል። በር ስትዘጋ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል። ኬላ ላይ በወታደሩ ላይ ክላክስ ነፉ ተብለው ሀጂ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

ኡስታ ሎሪውን ዞሩት፣ ከዚያ ሁለታችንንም ጠሩን። «አብራችሁ ያዙት» አሉ። «የዶካውን ነገር ከዚህ ሎሪ በኋላ እናወራለን።»

ይሄን በሰው ፊት ነው ያሉት። ፀጉር አስተካካዩም ነበረ። የዶካ ወሬ ሁሉ፣ የእናቴ ፍራሽ ሁሉ፣ በዚያ ሎሪ ላይ ተጫነ።

እኔ ገና ሳየው የቦዲው ኮምፒዩተር ነው አልኩ። እነዚህ ሎሪዎች ከሞተሩ ሌላ መብራቱን፣ ክላክሱን፣ መጥረጊያውን፣ በሩን የሚያዝ አንድ ጥቁር ሳጥን ከዳሽቦርዱ ሥር አላቸው፤ መዳፍ ነው የሚያህል። ዝምተኛው መጀመሪያ ፊውዝ እንይ፣ ማሳውን እንይ አለ፤ ማሳ ማለት ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ ነው። ሁለት ቀን እየተሳበ ከሎሪው ሥር ማሳ አጠበ። አልተሻለውም። ሳጥኑን ፈቶ ሲከፍተው ውስጡ አቧራና ውሃ ተለውሶ አረንጓዴ ዝገት አብቅሎበታል። «ልክ ነበርክ» አለኝና መልሶ አሰረው። እኔ ያን ቀን በመንገዱ መሀል ነበር የምሄደው፤ መኪና ራሱ ዞሮኝ ይሂድ።

ተለዋጩንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ካርቱምም ጦርነት ገብቶ ዕቃ መምጣት ካቆመ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከካርቱም ተፈናቅሎ ከመጣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋ፣ ከተፈታ ሎሪ የወጣ፣ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አንድ የሆነ ሳጥን አገኘሁ። ይዤው ስመለስ ከሩቅ እያሳየሁ ነው የመጣሁ።

እዚህ ላይ የወርሻችንን አንድ ልማድ ልናገር። ዕቃ ሲሞት የፈታው ሰው ራሱ አንስቶ ወደ ቆርቆሮው ጣራ ይወረውረዋል። ከኔ በፊት አንድ ሠራተኛ የሞተ ዳይናሞ አጥቦ ለደንበኛ መልሶ አስሮበት ኡስታን አዋርዷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሞተ ጣራ ይወጣል፣ ጣራ የወጣ አይወርድም። ዳይናሞው፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እና አወራወሩ ራሱ ክብር አለው። ጥሩ ወርዋሪ ነኝ፣ ሳይነገረኝ።

ባትሪውን ነቀልኩ፣ ሶኬቶቹን አወጣሁ፣ አዲሱን ሳጥን ቦታው ላይ አሰርኩ። ሰው ተሰብስቧል፤ ሀጂ አሉ፣ ሻይ የምትሸጠው ሥራዋን ትታ መጥታለች። አሮጌውን ሳጥን አንስቼ ከሎሪው ስወርድ ዝምተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አሮጌውን አትወርውረው» አለኝ። «ቁልፉን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሰማሁት። ጆሮዬ እንዴት እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ በደንብ አልገባኝም፤ ግን ሊገባኝ ይችል ነበር፣ ብጠይቀው። ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራው ያለቀው በኔ እጅ ነው፣ ይሄ ልጅ መጨረሻዋ ላይ ገብቶ የራሱን ቃል ሊያስቀምጥባት ነው። እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ ሳጥኑን ላክሁት። ቆርቆሮውን ሁለቴ ደበደበና ዝም አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እሱን ነበር የማየው።

ባትሪውን አሰርኩ። ፍሬቻ ግራ፣ ፍሬቻ ቀኝ። መጥረጊያው ሲባል ይነሳል፣ ሲባል ይተኛል። ክላክሱ ሲነካ ብቻ ይጮሃል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ለሕዝቡ ሰገድኩ። ከዚያ ሀጂ ወጥተው ቁልፉን አዞሩ።

ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። አሁንም ይዞራል፣ አይነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ናፍጣው አየር ገብቶበታል አልኩ። አየር አወጣሁ። ፊልትሮ ፈታሁ። ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ ከሌላ ሎሪ ባትሪ አመጣሁ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማለች፣ ያጨበጨበው ሰው አንድ አንድ እያለ ሄዷል፤ መሄዱ ሳይሆን ቀስ ብሎ መሄዱ ነው የጎዳኝ። ሀጂ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ፤ በስተምሥራቅ ደመና መቋጠር ጀምሯል።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ትናንት እኮ እየጮኸም ቢሆን ይነሳ ነበር።»

ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ኡስታ ከገበያ ሲመለሱ እኔ ስለ ናፍጣ ማውራት ጀመርኩ። አላዳመጡኝም፤ ጎንበስ ብለው ያችን ቀይ መብራት አዩና ዝምተኛውን ጠየቁት። እሱ በአጭሩ ተናገረ። ሎሪው የሚነሳው የራሱን ቁልፍ ሲያውቅ ነው፤ የቁልፉ ነገር የተጻፈው በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ባለች፣ ስምንት እግር ባላት፣ የጤፍ ሳይሆን የስንዴ ፍሬ በምታህል ጥቁር ነገር ላይ ነው። አዲሱ ሳጥን የሚያውቀው የሌላ ሎሪ ቁልፍ ነው። ያችን ፍሬ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ መትከል ነው፤ ከዚያ ይነሳል።

«አሮጌው የታለ?» አሉ ኡስታ።

ሁሉም ሰው ወደ ላይ አየ። ሀጂም አዩ። እኔ መሬት አየሁ።

ኡስታ ወደኔ ዞሩ። «ይሄ ልጅ አትጣለው ብሎህ ነበር?»

አፌን ሳልከፍት ዝምተኛው ቀደመኝ። «ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩ፣ ኡስታ። ሞተር ይጮህ ነበር። አልሰማኝም ይሆናል።»

ምን ሞተር? ባትሪው ተነቅሎ ነበር እኮ። ዝንብ ስትሄድ ይሰማ ነበር። ይሄ ቃል የሚቆጥብ ሰው ለኔ ብሎ ሦስት ዓረፍተ ነገር አባከነ፤ ሁለቱ ደግሞ ውሸት። ዶካ ፊቱ ተቀምጣለት፣ እጁን ዘርግቶ መውሰድ ሲችል፣ ለኔ ይዋሻል።

ሰው ይሄን ታሪክ ስነግረው ያኔ ሕሊናዬ ነክቶኝ ይመስለዋል። አይደለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅናቱ ነው የፈላብኝ። በእጅ በለጠኝ። በትዕግሥት በለጠኝ። አሁን ደግሞ በደግነትም ሊበልጠኝ ነው፣ በሰው ፊት፣ በኔው ላይ ቆሞ? ይሄንንማ አልሰጠውም አልኩ።

«ሰምቼዋለሁ» አልኩ። «ሰምቼ ነው የወረወርኩት።»

ኡስታ በእጃቸው መሰላሉን አሳዩኝ። ጣራ የወጣ አይወርድም ያሉት ሰውዬ ራሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ።

የገዳሪፍ ቆርቆሮ በቀትር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጆንያ ከጉልበቴ ሥር እያነጠፍኩ በሞቱ ዳይናሞዎች መሀል ተሳብኩ። ግማሾቹን እኔ ነኝ የወረወርኳቸው፤ እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። ሳጥኑ ከሁለት ሞተሪኖ መሀል ገብቶ ክዳኑ ተሰንጥቋል። ውስጡን ሳየው ያቺ ስምንት እግሯ አለች። ለዝምተኛው በገመድ አወረድኩለት። እኔን ግን ውረድ ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ያን ሥራ ያየሁት ከላይ ነው። እጁን ብቻ። ካዊያዋን ከባትሪ ላይ አሰራት፣ የመዳብ ጫፏን አጸዳ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ አየ። አንዷን እግር ነካ፣ ሌላዋን ነካ፤ ፍሬዋን በወረንጦ አነሳት። ልንገርህ፣ በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰው ነበርኩ። አንደኛው እጁ ይንቀጥቀጥ እያለ ይጸልያል። ሁለተኛው አይንቀጥቀጥ እያለ ይጸልያል፤ የሀጂን ጀርባ እያየ። የትኛው ጮክ ብሎ እንደጸለየ አልናገርም።

አልተንቀጠቀጠም። አዲሱ ሳጥን ላይ ተከላት፣ መልሶ አሰረው። ሀጂ ቁልፉን አዞሩ። ቀይዋ መብራት አንዴ በርታ ጠፋች፤ ሎሪው ጥቁር ጭስ ወደኔ ወደ ጣራው ተፍቶ ተነሳ። ሀጂ ከላይ ከወንበሩ ሆነው እጃቸውን ለአምላክ ዘረጉ። ጭሱ መሀል ስስል ነው ሰው እንዳለሁ ያስታወሰው።

ስወርድ ኡስታ መሰላሉ ሥር ቆመዋል። ሰው ጠብቄ ነበር፤ ብቻቸውን ነበሩ። ይሄን አልረሳላቸውም። «ዶካ የሱ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። «አንተ እዚህ እኔ ጋ ትቀራለህ። እጅህ አይደለም ያሳሰበኝ፤ እጅህ ጥሩ ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናው ከበሩ ሳይወጣ ዕቃ ጣራ እንዳይወረወር አዘዙ። ሕግ የወጣብኝ ሰው ነኝ፤ ስንቱ ነው በሕይወቱ ሕግ የሚወጣበት?

ሀጂ በሦስተኛው ቀን ዘራቸውን ጭነው ወጡ፤ ዝናቡን ቀደሙት። ዝምተኛውም የስደተኛ የመንገድ ፈቃዱ ሲወጣለት ወደ ዶካ ሄደ። ሲሰናበተኝ እጄን ያዘና «ያን ሳጥን አንተ ባታገኘው የትም አንደርስም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ፍራሹን እናቴ ለእሱ ላከችለት፤ እኔን አላስፈቀደችም።

ተሻለህ ወይ ትለኝ ይሆናል። አልተሻለኝም። ከዶካ ሎሪ በመጣ ቁጥር ለሌላ ሥራ ቢሆንም ሽፋኑን እከፍትና የሱን ሥራ እፈትሻለሁ። ስህተት ነው የምፈልግ። ባለፈው ሰሞን አንድ የዶካ ሎሪ ለፍሬን መጣ፤ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። አንዲት መጋጠሚያ የላላች መሰለችኝ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ። ጎተትኳት። አልላላችም። ጠንክሬ ጎተትኳት። ከሎሪው ጋር የተወለደች ትመስላለች።

ወጣሁና እጄን ጠርጌ ሹፌሩ ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ስለ ፍሬኑ አወራሁት፤ ሌላ ወሬ ሳጣ ነው ይሄን ያልኩ። «ሽቦህን የሠራልህ ልጅ፣ ጎበዝ ነው» አልኩት።

ሹፌሩ ሻዩን አስቀመጠ። «ገዳሪፍ ስትሄድ ከኔ የሚበልጥ አለ፣ እሱን ጠይቅ ብሎ ነው ልጁ የላከኝ» አለኝ። «አንተ ነህ መሰለኝ።»

በዚህም ቀደመኝ።